ለቤት የቪዲዮ ሰርቨር፦ ከጉልበተኛው ባለሙያው

በስልክ የተቀረጸ ልደት፣ ባለካሜራ ያነሳው ሰርግና ክርስትና፣ ከዲስክ የተገለበጠ ፊልም እያለ በየቤቱ የሚጠራቀመው ቪዲዮ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ይዞ በቤቱ ቴሌቪዥኖችና ስልኮች ላይ፣ ካስፈለገም ባሕር ማዶ ባለ ዘመድ ስልክ ላይ እንዲታይ የሚያደርገው ኮምፒዩተር የሚዲያ ሰርቨር ይባላል። ፕሌክስና ጄሊፊን ለዚሁ ሥራ የታወቁ ፕሮግራሞች ናቸው። ማሽኑን ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የፕሮሰሰሩን ጥንካሬ ነው፤ ኮሩ ስንት ነው፣ ፍጥነቱስ? ጥያቄው ለሌላ ሥራ ትክክል ቢሆንም ለ4ኬ ቪዲዮ ግን ገንዘብን ያለ ቦታው ያስወጣል። እዚህ ላይ ማሽንን ከማሽን የሚለየው በቺፑ ውስጥ ለቪዲዮ ብቻ ተብሎ የተሠራ ክፍል መኖሩ፣ ካለም የትኞቹን የቪዲዮ ዓይነቶች እንደሚያውቅ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሥራውን ማየት ይበጃል። ቪዲዮ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው። የመጭመቂያው ስልት ኮዴክ ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች.264፣ በ2013 የተከተለው ኤችኢቪሲ እና በ2018 ይፋ የሆነው ኤቪ1 ዋነኞቹ ናቸው። ተመልካቹ የያዘው መሣሪያ የፋይሉን ኮዴክ የማያውቅ ከሆነ ወይም መስመሩ የፋይሉን ክብደት የማይሸከም ከሆነ፣ ሰርቨሩ ፊልሙን እዚያው በዚያው ፈትቶ፣ አሳንሶ፣ በሌላ ኮዴክ ዳግም ይጨምቀዋል። ትራንስኮዲንግ የሚባለው ይህ ነው። አንድ የ4ኬ ምስል 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ ከ1080ፒ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያሳይ ሰርቨሩ በየሰከንዱ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦችን ይፈታል። ዳግም መጭመቁ ደግሞ ከምስል ወደ ምስል ምን ወዴት እንደተንቀሳቀሰ መፈለግን ስለሚጠይቅ ይበልጥ አድካሚ ነው። የአንድ ሰከንድ ፊልም ለመለወጥ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከወሰደ ተመልካቹ ፊት ያለው ምስል ይቆማል።

ሥራው በፕሮሰሰሩ ብቻ ሲከናወን ምን ያህል አቅም እንደሚፈልግ ፕሌክስ በመመሪያው ላይ ፓስማርክ በተባለው የፍጥነት መመዘኛ ያስቀምጣል፤ ለአንድ 1080ፒ ፊልም 2,000 ነጥብ፣ ለአንድ ባለኤችዲአር (ሰፊ ብርሃንና ቀለም ያለው) 4ኬ ፊልም ደግሞ 17,000 ነጥብ ገደማ። አሁን በየሚኒ ፒሲው የሚገኘውን የኢንቴል ኤን100 እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ ስድስት ዋት ተብሎ የተመደበ ርካሽ ቺፕ ሲሆን በዚያው መመዘኛ የሚያገኘው 5,500 አካባቢ ነው፤ ከሚፈለገው ሲሶ ያህሉ። በዚህ ስሌት አንድም 4ኬ ፊልም ሊለውጥ ባልቻለ ነበር። በተግባር ግን ከአንድ በላይ 4ኬ ፊልም በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ልዩነቱን ያመጣው ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ በቺፖቹ ውስጥ የሚያካትተው ኩዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ ክፍል ነው። ፕሮሰሰር ማንኛውንም ሥራ በትእዛዝ በትእዛዝ እየተረዳ ይሠራል፤ የቪዲዮው ክፍል ግን መፍታትና መጭመቅ በሽቦው ላይ ተቀርጾበት የተወለደ በመሆኑ ሌላ ነገር ባያውቅም ይህን አንድ ሥራ በጥቂት ዋት ይጨርሰዋል።

ይህ ማለት ግን ኩዊክ ሲንክ ያለበት ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። ክፍሉ የሚያውቀው በተሠራበት ጊዜ የተማረውን ብቻ ነው። ኤችዲአር ያላቸው የ4ኬ ፊልሞች በአብዛኛው ባለ10 ቢት ኤችኢቪሲ ናቸው፤ ኢንቴል ይህን ሙሉ በሙሉ በቪዲዮው ክፍል መፍታትና መጭመቅ የጀመረው ከቺፖቹ ሰባተኛ ትውልድ አንስቶ ነው። ስለዚህ በዘመኑ ውድ የነበረው የስድስተኛው ትውልድ ኮር አይ7-6700 ሲቸገር፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው የሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ3-7100 ያለ ድካም ይወጣዋል። ኤቪ1ን የሚፈታ ደግሞ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ነው። በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ግራፊክሱ ስለማይሠራ ኩዊክ ሲንክ የለውም፤ በዋጋ ማነሱ ገዢውን እንዳያታልለው። በብዙዎች ዘንድ የተወደደው ራስፕቤሪ ፓይ 5 የተባለ ትንሽ ኮምፒዩተርም ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል ስለሌለው ፋይል ለማከፋፈል እንጂ ለትራንስኮዲንግ አይመረጥም።

ሳይታሰቡ ሥራውን የሚያከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኤችዲአር ነው። ለሰፊ ብርሃንና ቀለም የተዘጋጀ ምስል በተራ ስክሪን ላይ እንዳለ ቢታይ ፈዝዞ ግራጫ ስለሚመስል ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ነጥብ ብርሃን ማስተካከል አለበት። ይህን የግራፊክስ ክፍሉ ካልተረከበው ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ሰብታይትል ነው። በጽሑፍ ፋይል የተቀመጠ ትርጉም ለብቻው ተልኮ ተመልካቹ ጋ ይታያል፤ የብሉሬይ ዲስኮች ሰብታይትል ግን ሥዕል ስለሆነ፣ ማጫወቻው ካልተቀበለው ሰርቨሩ ከምስሉ ጋር አትሞ ፊልሙን እንዳለ ዳግም ሊጨምቀው ይገደዳል። ያለችግር ሲታይ የነበረ ፊልም ሰብታይትል ሲበራ የሚንተባተበው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ከፕሮሰሰሩ ጥንካሬ ይልቅ የቪዲዮው ክፍል ይቅደም በሚለው ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው የጥራት ጉዳይ ነው፤ በተመሳሳይ የፋይል መጠን በፕሮሰሰር በዝግታ የተጨመቀ ቪዲዮ በቪዲዮ ክፍል በጥድፊያ ከተጨመቀው ይሻላል። እውነት ነው፤ ለዘለቄታ የሚቀመጥ ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው ፕሮሰሰሩን ሌሊቱን ሙሉ ቢያሠራው ያዋጣዋል። ትራንስኮዲንግ ግን ታይቶ የሚጣል ቅጂ ነው፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል። ሁለተኛው ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ይሻላል የሚለው ነው። ቀድሞ ዴስክቶፕ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 እንደወጣውና ኤቪ1 ጭምር እንደሚጨምቀው ኢንቴል አርክ ኤ380 ያለ ካርድ ቢጨምር ብልህነት ነው። ከባዶ ለሚጀምር ግን ለጨዋታ የተሠራ ካርድ ዋጋ አብዛኛው የሚከፈለው ሰርቨሩ ለማይጠቀምበት አቅም ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ ጥሩ ማጫወቻ ካለ ትራንስኮዲንግ ለምን ያስፈልጋል? ቤት ውስጥ ይህ ክርክር ያሸንፋል። ኤችኢቪሲን የሚያውቅ ቴሌቪዥን ፋይሉን እንዳለ ስለሚቀበል ሰርቨሩ ከማቀበል ያለፈ ሥራ የለውም። ሆኖም የ4ኬ ብሉሬይ ፊልም በሰከንድ እስከ 128 ሜጋቢት ሊደርስ ይችላል፤ የብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል መግቢያ ደግሞ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ከቤት ውጭ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ዋሽንግተን ላለች እህት የሰርጉን ቪዲዮ ሲልክ የሚወስነው የቤቱ መስመር ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት ነው፤ ያ ጠባብ ከሆነ ፋይሉን ከማሳነስ ሌላ መንገድ የለም። ተመልካቹ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ በማጫወቻው ላይ ማውጣት፣ ከተበታተነ ግን ባለሙያውን ቺፕ መግዛት ይገባል።

ሰርቨር ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ማሽን በመሆኑ የመብራቱም ወጪ ከዋጋው ጋር ይቆጠራል። በአማካይ 60 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ በዓመት 526 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲጨርስ 10 ዋት የሚበላ ሚኒ ፒሲ 88 ያህል ይበቃዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርም አንዱ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ትንሹን ማሽን ከትልቁ ብዙ እጥፍ ያቆየዋል። እንግዲህ ምርጫው ከስክሪኖቹ ይጀምር፤ ምን እንደሚያውቁ ይታይ። ቀጥሎ የፋይሎቹ ኮዴክ፣ ከዚያ ያንን ኮዴክ የሚያውቅ የቺፕ ትውልድ ይመረጥ። ለሜሞሪ 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክም በርካታ ፊልም በአንድ ጊዜ ለማቀበል ፍጥነቱ አያንሰውም። ከፕሮሰሰሩ የተረፈው ገንዘብ ግን ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቢውል ይመረጣል። ቺፕ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ ቅጂ የሌለው የሰርግ ቪዲዮ ግን በገንዘብ አይመለስም።