ለጥልቅ ባሕር ኮድ፦ መጀመሪያ ክሩ፣ ቀጥሎ ሪሉ

በየዓመቱ የሰሜኑ ብርድ ሲበረታ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባሬንትስ ባሕር ይነሣና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ዋኝቶ በኖርዌይ የሎፎተን ደሴቶች ዙሪያ እንቁላሉን ይጥላል። ኖርዌዮች ይህን መንገደኛ ኮድ «ስክሬይ» ይሉታል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ቬስትፊዮርድ በተባለው ሰፊ የባሕር ክፍል ላይ ከንግድ ጀልባዎቹ ጎን ዘንግ ይዞ የወጣ መዝናኛ ፈላጊም አይጠፋም። ዓሣው ግን ከላይ አይገኝም፤ 60፣ 100፣ አንዳንዴም 150 ሜትር ወደ ታች ነው። የጣና ጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሐይቅ ዳር የለመድነው ዘንግና ክር እዚህ ብዙም አያስኬድም።

ዕቃ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሪሉ፣ ማለትም በክር መጠቅለያው ላይ ነው። ሪሉ ያብረቀርቃል፣ እጀታው ሲዞር ድምፁ ደስ ይላል፣ ሻጩም ስንት ኩሽኔታ እንዳለው ይቆጥርለታል። ክሩ የሚገዛው በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ ነው። እኔ ነገሩ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሥራውን የሚወስነው ክሩ ነው፤ ሪሉም በክሩ ልክ ይመረጣል።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የአጥማጁ ክር ናይለን ነበር። ናይለንን በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የዋላስ ካሮዘርስ ቡድን ሠራው፤ ለዓሣ ማጥመጃም ግሩም ሆኖ ተገኘ። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ይለጠጣል። ሊበጠስ ሲቃረብ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። አሥር ሜትር ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም የዓሣውን ድንገተኛ ጉተታ ያለዝባል። መቶ ሜትር ላይ ግን አጥማጁ ዘንጉን በኃይል ሲያነሣ እንቅስቃሴውን ክሩ ይውጠዋል፤ ታች ያለው መንጠቆ ምንም አልሰማም። ዓሣው ሲነካካም ላይ ያለው እጅ አያውቅም።

ይህን የለወጠው ጉንጉን ክር ነው። ጥሬ ዕቃው ፖሊኤቲሊን ነው፤ ማለትም በዘር ከፌስታል ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ እጅግ ረጃጅም መሆናቸውና ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተሰትረው መቆማቸው ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲኤስኤም በተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ውስጥ ፖል ስሚዝና ፒት ሌምስትራ ፖሊኤቲሊኑን አሟሙተው፣ እንደ ጄል አድርገው፣ እየጎተቱ የሚፈትሉበትን ዘዴ አገኙ። ውጤቱ ዳይኒማ ተባለ፤ በአሜሪካ የተሠራው ተመሳሳዩ ስፔክትራ ይባላል። ከእነዚህ ቀጫጭን ጭረቶች አራት ወይም ስምንት ዘለላ እንደ ሽሩባ ሲጎነጎን የማጥመጃ ክር ይሆናል። መለጠጡ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከ120 ሜትር በታች ክሩን የሚያሰጥመው እርሳስ ድንጋይ ሲነካ፣ አሸዋ ላይ ሲያርፍ፣ ዓሣ ሲገፋው ለእጅ ይታወቃል።

ሁለተኛው ትርፍ ቅጥነቱ ነው፤ ለጥልቅ ውኃ ምናልባትም ዋናው። 15 ኪሎ የሚሸከም ናይለን ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ያንኑ የሚሸከም ጉንጉን 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃዋል። የባሕር ፍሰት ክሩን የሚገፋው በውፍረቱ ልክ ነው። 120 ሜትር ክር በውኃ ውስጥ ሲዘረጋ ከግማሽ በላይ ግፊት ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ናይለን ከታች ለመድረስ የሚጠይቀው ከባድ እርሳስ በጉንጉን ክር ብዙ ይቀላል። ቀላል እርሳስ ደግሞ ቀላል ዘንግና ትንሽ ሪል ይፈቅዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን ውፍረት እንዳለ መቀበል አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። ሁለት ክር ሲወዳደር በዓይንም በጣትም ማየት ይሻላል።

ቀለሙ በየ10 ሜትሩ የሚቀያየር ክር አለ። ጌጥ ይመስላል፤ እኔ ግን ለስክሬይ ከሁሉ በፊት የምመርጠው እሱን ነው። ይህ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ላይ ሳይሆን ከመሐል ውኃ ይገኛል፤ የጀልባው ዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ዓሣውን 70 ሜትር ላይ ቢያሳይ መንጠቆውን እዚያው ማቆም የሚችለው ቀለሙን የቆጠረ ነው። ክሩ በፍሰት ከተንጋደደ ግን ቆጠራው ከትክክለኛው ጥልቀት እንደሚበልጥ አይዘነጋ።

ጉንጉን ክር ጉድለትም አለው። ያንሸራትታል፤ ለናይለን የሚበቃ ቋጠሮ እዚህ ላይ ሾልኮ ይፈታል። በተወጠረበት ሰዓት ስለታም ድንጋይ ወይም የሰጠመ መርከብ ብረት ከነካው አንድ አፍታ አይቆይም። ስለዚህ ከጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ወፍራም ናይለን ይቀጠልበታል፤ ይህ ቁራጭ መፋተጉን ይቀበላል፣ ትንሽም ይለጠጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ለሰው ያለው አደጋ ነው። መንጠቆው ድንጋይ ሲይዘው ክሩን በእጅ ጠቅልሎ መጎተት ጣትን እስከ አጥንት ሊቆርጥ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው በወፍራም እንጨት ላይ ይጠመጥመውና ጀልባው እንዲጎትተው ያደርጋል።

አሁን ወደ ሪሉ። ክሩ በግማሽ ሲቀጥን የሚጠቀለልበት ቦቢን የሚይዘው ርዝመት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ 0.40 ሚሊሜትር ክር 250 ሜትር የሚይዝ ቦቢን 0.20 ከሆነ 1000 ሜትር ይይዛል። የቀድሞዎቹ ግዙፍ የባሕር ሪሎች የገዘፉበት አንዱ ምክንያት ወፍራሙ ናይለን ነበር። ዛሬ ለ150 ሜትር ጥልቀት 300 ሜትር ክር የሚይዝ መካከለኛ ሪል ይበቃል። እጥፉ ያስፈለገው ክሩ ስለሚንጋደድ፣ አንዳንዴ ስለሚበጠስ፣ ዓሣውም ስለሚሮጥ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ቦቢኑ ቆሞ ክሩ በዙሪያው የሚጠመጠምበት ሪል ለመወርወር ይመቻል፤ ጥልቀቱ ካልበዛም ደስ ይላል። ነገር ግን ክሩን በዘጠና ዲግሪ አጥፎ ስለሚያስገባ፣ ከባድ እርሳስ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ጭነቱ በአንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ያርፋል። ቦቢኑ ራሱ የሚዞርበት ዓይነት ክሩን ቀጥ አድርጎ ይጠቀልላል፤ ሲወርድም በአውራ ጣት ይገታል። ለመቶ ሜትር ሥራ ምርጫው ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ማርሹ ግን ያከራክራል። አምስት ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ቦቢን በአንድ ዙር ወደ 16 ሴንቲሜትር ክር ይጠቀልላል። ማርሹ ስድስት ለአንድ ከሆነ አንድ የእጀታ ዙር 94 ሴንቲሜትር፣ አራት ለአንድ ከሆነ 63 ሴንቲሜትር ያመጣል። ከ120 ሜትር ለመውጣት ፈጣኑ ወደ 130፣ ዘገምተኛው ወደ 190 ዙር ይፈልጋል፤ ቦቢኑ ሲሳሳ ከዚህም ይበልጣል። ፈጣኑ ያጓጓል። ነገር ግን ለዚያው ጭነት እጅን አንድ ተኩል እጥፍ ያደክማል። የኮድ ተፈጥሮም ለዘገምተኛው ያደላል፦ በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት በቶሎ የሚተነፍስበት መውጫ የለውም። መቶ ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላይኛው 11 እጥፍ ነው፤ 50 ሜትር ሲደርስ ወደ 6 እጥፍ ይወርዳል፤ አየሩም በእጥፍ ሊቀርብ ይነፋል። ዓሣው ታች እያለ ራሱን እያወዛወዘ ይታገላል፤ ከፍ ሲል ግን ይደክምና ጭነት ብቻ ይሆናል። ቀሪው ሥራ ሸክም ማንሣት ነው። ትንንሾቹን ወደ ውኃ መመለስ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው፤ በኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍል ከ44 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ኮድ ስለማይያዝ፣ ደጋግሞ ትንሽ ከመጣ ቦታ መቀየር ይሻላል።

በሪል ላይ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለፍሬኑ ይውጣ። ጥሩ ፍሬን የካርቦን ዲስክ አለው፤ ክር ሲለቅ ሳይነጥር፣ ሳይዝ፣ እኩል ይለቃል። የማይለጠጥ ክር ላይ የሚነጥር ፍሬን ወይ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ይነቅላል፣ ወይ ቋጠሮውን ይበጥሳል። የፍሬኑ ጥብቀት በእጅ ሚዛን ይለካል፤ ለ15 ኪሎ ክር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። በ2013 በኖርዌይ ሶሮያ ደሴት አጠገብ በዘንግ የተያዘው 47.02 ኪሎ የዓለም ሪከርድ ኮድ ቢመጣ እንኳ መልሱ ፍሬኑን ማጥበቅ አይደለም። ክሩ ወጥቶ በቦቢኑ ላይ የቀረው ጥቅል ዲያሜትር በግማሽ ሲያንስ፣ ፍሬኑ ሳይነካ ዓሣው ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናልና።

ክሩ ሲጠቀለል መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ናይለን ከሥር ይገባል፤ አለዚያ ጉንጉኑ እንዳለ በቦቢኑ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ተይዞ በደንብ ተወጥሮ ይጠቀለል፤ ልል ከሆነ ጭነት ሲመጣ የላይኛው ክር ወደ ሥር ሰርጎ ይቀረቀራል። ከባሕር ሲመለሱ ሪሉን በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው፤ ኃይለኛ ጎማ ጨዉን ወደ ኩሽኔታው ይገፋዋል። ፍሬኑም ላልቶ ይቀመጥ። ከጥቂት ወቅቶች በኋላ የላይኛው ክር ሲሻክር ሁሉን መጣል አያስፈልግም፤ 300 ሜትር ተጠቅልሎ የሚሠራው 150ው ብቻ ስለሆነ፣ ገልብጦ ሲጠቀለል ከሥር የነበረው አዲሱ ክር ወደ ላይ ይወጣል።