ሳጥኑ የማን ነው?

ባሌ ውስጥ፣ ሮቤ ወይም ጎባ፣ ቤቱ ኢንተርኔት የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ፍጥነቱንና የወሩን ሂሳብ ነው። ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው ሳጥን፣ ስለ ሞደሙ ወይም ስለ ራውተሩ፣ የሚያነሳ ጥቂት ነው። አንድ ቀን መብራቱ ቀይ ሆኖ አልስተካከል ሲል ግን «ዕቃው የኛ ነው ወይስ የቴሌ?» የሚለው ክርክር ይነሳል። ያኔ ውሉ የት እንደተቀመጠ የሚያስታውስ አይገኝም።

መስመሩ ላይ ክርክር የለም። ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ጣሪያችን የሚወርደው ገመድ፣ ከተማ ውስጥ ያለው ማዞሪያ፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ በ4,377 ሜትር ከፍታ የቆመው የመገናኛ ማማ፣ አንዱም የእኛ አይደለም፤ በየወሩ የምንከፍለው ለመጠቀሚያው ነው። የቴሌኮም ድርጅቶቹም ቢሆኑ አንዱ ከሌላው ይከራያል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር የራሱን ማማ ከመትከል ጎን ለጎን የኢትዮ ቴሌኮምን ማማዎች ተከራይቷል። የሚያነጋግረው ከግድግዳው ወዲህ ያለው ዕቃ ነው።

ይህ ክርክር በሌላ አገርም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን የስልኩ ቀፎ ራሱ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ያከራያል፣ ደንበኛው በየወሩ ይከፍላል፣ የራሴን ልሰካ ቢል ይከለከላል። ይህን የሰበረው ቶማስ ካርተር የሚባል የቴክሳስ ሰው ነው። ከስልክ መስመር ርቀው በነዳጅ ጉድጓድ ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች እንዲደዋወሉ፣ የመገናኛ ሬዲዮን ከስልክ ጋር የሚያጣምር «ካርተርፎን» የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ይሸጥ ነበር። ኩባንያው ሊያስቆመው ሞከረ፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ግን እ.ኤ.አ. በ1968፣ መረቡን እስካልጎዳ ድረስ ሰው የራሱን መሣሪያ መስመሩ ላይ መሰካት ይችላል ብሎ ወሰነ። ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ደንበኛ ራውተሩን ራሱ እንዲመርጥ በሕግ ፈቅዳለች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ደንበኛው በራሱ ሞደም እየተጠቀመ ኪራይ ማስከፈል እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ ተከልክሏል።

ወደ ባሌ እንመለስ። «ልግዛ ወይስ የነሱን ልጠቀም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚለያየው ቤቱ በገባው የመስመር ዓይነት ነው።

በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ድምፁና ኢንተርኔቱ በአንድ የመዳብ ሽቦ አብረው ይመጣሉ፣ ግድግዳው ጋ ያለች ትንሽ ማከፋፈያ አንዱን ወደ ስልኩ፣ ሌላውን ወደ ሞደሙ ትለያቸዋለች። ለዚህ መስመር የተሠራ ጤነኛ ሞደም ከየትም ቢገዛ፣ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ በትክክል ከተሞላ በአብዛኛው ይሠራል። እዚህ ላይ መግዛት ያዋጣል ባይ ነኝ።

ፋይበር ግን ሌላ ነው። ከማዞሪያው የሚነሳው አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ ተከፋፍሎ ለብዙ ቤት ይዳረሳል። የአንዱ ቤት መልእክት ከሌላው እንዳይደባለቅ ማዞሪያው እያንዳንዱን ሳጥን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ የሚያውቀውም ከሳጥኑ ጀርባ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ባለው መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ የፋይበር ሳጥን፣ አገልግሎት ሰጪው ካልመዘገበው፣ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን መብራቱን ብልጭ ድርግም ከማድረግ አያልፍም። ዋጋው ረክሶ ያገኘ ሰው ብሩን ከመክፈሉ በፊት «ይህን ቁጥር ትመዘግቡልኛላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ደግሞ በሲም የሚሠራው ራውተር ይመቻል። ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፣ የአከራይን ፈቃድም ሆነ ግድግዳ መብሳትን አይጠይቅም። የሚጠነቀቁት አንድ ነገር አለ፤ ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ራውተር ሌላውን አይቀበልም። ሱቁ ውስጥ የራስን ሲም አስገብቶ፣ ኢንተርኔቱ ሲከፍት አይቶ መግዛት ነው።

የባሌ ደጋ ለእነዚህ ዕቃዎች ምቹ አገር አይደለም። ሲናና ዙሪያ ያለ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያርስበት ዝናብ ነጎድጓዱንም ይዞት ይመጣል። መዳብ የመብረቅን ኃይል ቤት ድረስ ያስገባል፤ መስታወቱ አያስገባም፣ ነገር ግን የፋይበሩ ሳጥንም መብራት ላይ የተሰካ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሶኬቱን መንቀል፣ የሽቦ ስልክ ካለም የስልኩን ገመድ ጭምር መንቀል ይገባል። መብራት ሄዶ ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ሳጥኑ ሳይሆን አዳፕተሩ ነው። ሳጥኑ ሞቷል ብሎ ከመጣል በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 12 ቮልት 1 አምፔር ካለ፣ ቮልቱ ያው 12፣ አምፔሩ 1 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጫፉም ልክ የሚገባ፣ አጠገቡ የተሣለው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክትም አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ አዳፕተር መሞከር ነው። ብዙ ሰው በዚህች ብቻ ከአዲስ ሳጥን ወጪ ይድናል።

ዋናው ልዩነት የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። የራስ የሆነ ዕቃ ሲቃጠል ኪሳራው የራስ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መተካት ከብዷል። የአገልግሎት ሰጪው ዕቃ ከሆነ ውሉ ምን ይላል? በመብረቅ የተቃጠለውን ማን ይተካል? ዕቃው በዋስትና ስንት ወር ይቆያል? ባለሙያው ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ርቆ ጎባ እስኪደርስ ወይም ዲንሾ እስኪወጣ ኢንተርኔት ለሌለበት ቀን ይከፈላል? የወር ኪራይ ካለው፣ የዕቃውን የገበያ ዋጋ ለኪራዩ ማካፈል ነው፤ የሚወጣው ቁጥር በስንት ወር እንደሚካካስ ይነግራል። ከዚያ በላይ እዚያ ቤት የሚኖር ይግዛ፤ የማይኖር ይከራይ።

ቤት የሚለቅ ሰው ጣጣውን በአንድ ቀን ቢጨርስ ጥሩ ነው። የተከራየውን ሳጥን ከነአዳፕተሩ አስረክቦ ደረሰኝ ይቀበል፤ የራሱ ከሆነ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የይለፍ ቃሉን ያጥፋ። አገልግሎቱን በስሙ ያስቋርጥ፤ ዕቃው ስለተነቀለ ብቻ ወርሃዊው ሂሳብ አይቆምምና።