ኪኒንና ኪኖሊን፤ የወባ መድኃኒት ኃይሉን የሚያጣው ስለ ምንድን ነው?

በአገራችን ሕዝብ የሚዋጠውን ፍሬ መድኃኒት ሁሉ «ኪኒን» ብሎ ይጠራል። ስሙ የመጣው ከጥንቱ የወባ መድኃኒት ነው፤ ይኸውም በ1820 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ሲንኮና ከሚባለው ዛፍ ልጣጭ ለይተው ያወጡት ነው።

የዚህ መድኃኒት አካል አንዱ ክፍል ኪኖሊን ይባላል። ኪኖሊን በ1834 ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ያገኘው፣ ቀለም የሌለው፣ ሽታው የከረረ ፈሳሽ ነው፤ የሚፈላውም በ237 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። መርዝነት ስላለው ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ነገር ግን ሊቃውንት ሌሎች ክፍሎችን እየቀጠሉበት ብዙ መድኃኒቶችን ሠርተዋል፤ ከነዚህም አንዱ ሐንስ አንደርዛግ በ1934 በጀርመን አገር የሠራው ክሎሮኪን ነው።

የክሎሮኪን አሠራር እንደሚከተለው ነው። የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ይመገባል። ከምግቡም ሄም የሚባል መርዝ ይተርፈዋል፤ ተውሳኩም ይህን መርዝ ወደማይጎዳው ደረቅ ቅንጣት ለውጦ ይድናል። ክሎሮኪን ግን በተውሳኩ የምግብ ከረጢት ውስጥ ተከማችቶ ይህን ለውጥ ይከለክላል፤ ተውሳኩም ከገዛ ምግቡ በተረፈው መርዝ ይሞታል። መድኃኒቱ አሲድ ባለባቸው ከረጢቶች የመከማቸት ጠባይ ስላለው፣ ተመራማሪዎች ሕዋስ ያረጀውን አካሉን እንዴት እንደሚያፈርስ ለማጥናት በላቦራቶሪ ይጠቀሙበታል።

ይሁን እንጂ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በታይላንድና በካምቦዲያ ወሰን፣ እንዲሁም በኮሎምቢያ፣ ክሎሮኪን የማይገድለው የፋልሲፓረም ወባ ታየ። ምክንያቱም በ2000 ታወቀ፤ በከረጢቱ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ተለውጦ መድኃኒቱን ወደ ውጭ ያስወጣል። ኢትዮጵያም በ1998 ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪንን በሌላ መድኃኒት ተካች፤ በ2004 ደግሞ አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር የተዋሐደበት መድኃኒት ተመረጠ። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪንን ከተወች በኋላ ግን፣ በ2006 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ መድኃኒቱ በዚያ አገር ተውሳኩን ለመግደል እንደገና በቃ።

ከዚህ የምንረዳው የመድኃኒት ኃይል በአወሳሰዱ የሚጠበቅ መሆኑን ነው። በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ደካማውን ተውሳክ ገድሎ ብርቱውን ለዘር ያስቀራል። በ1958 በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ቸል የሚባል አይደለም።

እንግዲህ ማናቸውም ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት በተሰማው ጊዜ፦

አንደኛ፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም አይበቃምና።

ሁለተኛ፤ ትኩሳቱ ቢበርድለትም እንኳ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይውሰድ።

ሦስተኛ፤ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አይዋጥ፤ ለሌላም አይስጥ።