«መምህር አይመረመርም»፦ ተረቱና እውነታው

መንፈሳዊ አባትን ወይም ሼህን መጠየቅ በረከት ያሳጣል የሚለው እምነት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋዎችም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሥር የሰደደ ነው። ብዙዎች የአባቶች ሥርዓት አድርገው ይወስዱታል። የአባቶች ትምህርት ግን እንዲህ አይልም።

የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ፣ ገዳሙ መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ምድር የሚገኘው ሊቅ፣ ለዚህ ቀዳሚው ምስክር ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ተምሮ ያደገው ይህ አባት በዐፄ ዳዊት ዘመን በቤተ መንግሥት ተሰሚነት ከነበረው ከቢቱ ጋር በሃይማኖት ጉዳይ ተከራክሯል፤ ገድሉ እንደሚተርከው እስራትም ደርሶበታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው «መጽሐፈ ምሥጢር» የተሳሳቱ መምህራንን በየስማቸው እየጠራ፣ ትምህርታቸውን በቅዱሳት መጻሕፍት እየመዘነ መልስ ሰጥቷል። ከእነዚህ አንዱ ንስጥሮስ የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ነበር፤ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ጉባኤ ሲወገዝ መንበሩ አላዳነውም። ስለዚህ ማዕረግ የትምህርት እውነተኛነት ማረጋገጫ ነው ማለት ራሱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የማይቀበለው ነገር ነው። የመነኩሴው የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትም ቅዳሜን እናከብራለን በማለታቸው ከግብፃውያን ጳጳሳት ጋር ተጋጭተው ለብዙ አሥርት ዓመታት ተገፍተዋል፤ በ1450 እ.ኤ.አ. ግን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አቋማቸውን ተቀበለ።

«ደቀ መዝሙር ከአንድ መምህር እግር አይለይም» የሚባለውም ከአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ጋር አይገጥምም። የቆሎ ተማሪ አገር ለአገር የሚዞረው እያንዳንዱን ትምህርት ከየባለሙያው ለመቅሰም ነው፤ ድጓን ከቤተ ልሔም፣ ቅዳሴን ከሰለልኩላ፣ አቋቋምን ከጎንደር ይፈልጋል። ቅኔ ቤት ደግሞ መድገም ብቻ አያዋጣም። ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜም መምህሩ «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል በርካታ ፍቺ ይደረድራል። በዚህ መንገድ ያደገ ትምህርት የተማሪውን አእምሮ ይስለዋል እንጂ አይዘጋውም።

የወሎ ደረሳም፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ እንዲሁ ነው። ፊቅህን (የእስልምና ሕግን) ከአንዱ ሼህ፣ ነሕውን (የዐረብኛ ሰዋስውን) ከሌላው ይቀራል። ሙሪድ፣ ማለትም የሼህ ደቀ መዝሙር፣ ለሼሁ ያለው አደብ ትልቅ ነገር ነው፤ ወሰን ግን አለው። በቡኻሪ ሐዲስ እንደተዘገበው፣ አንድ የጦር አዛዥ ተከታዮቹ እሳት ውስጥ እንዲገቡ ባዘዘ ጊዜ አልታዘዙትም፤ ነቢዩም ሙሐመድ መታዘዝ በመልካም ነገር ብቻ መሆኑን በመግለጽ እንቢታቸውን ደግፈዋል።

በክርስቲያኑም ወገን ግዝትን የሚፈሩ ምእመናን ያልተገባ ትእዛዝ እያወቁ የሚፈጽሙበት ጊዜ አለ። ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ግን ንጹሑን ያለ ፍርድ የሚያወግዝ ኤጲስ ቆጶስ በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂ እንደሚሆን ያስተምራል። የንስሐ አባት ሥልጣን ነፍስን ለመጠበቅ የተሰጠ እንጂ በገንዘብ፣ በትዳርና በሰው አካል ላይ እንዳሻው የሚያዝበት አይደለም።

ከሁሉ የከፋውና ሕይወት የሚቀጥፈው ተረት «ጠበል የገባ መድኃኒት አይወስድም» የሚለው ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ካቆመ በተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊሞት ይችላል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ መድኃኒትህን ተው የተባለ ሰው፣ ትእዛዙ ከየትኛውም አባት ወይም ሼህ ቢመጣ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሐኪሙን ያማክር፤ ሌላ መምህርም ይጠይቅ።