ትርፍ ቅጂ ከመውሰድ አስቀድሞ መዝገቡንና ኮምፒዩተሩን ስለ መመርመር

በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የሚገኙት መዛግብት፥ ይኸውም የገበሬው ስምና የመሬቱ ስፋት፥ የዘርና የማዳበሪያ ጥያቄ፥ የሴፍቲኔት ተረጂዎች ዝርዝር፥ ቀድሞ በወረቀት ብቻ ይጻፉ የነበሩት ዛሬ በኮምፒዩተርም ይያዛሉ። ስለዚህ ቀን ተቈርጦ ትርፍ ቅጂ በሌላ ዲስክ እንዲቀመጥ መደረጉ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ሹማምንት ቅጂው ተወሰደ ሲባሉ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ቈጥረው ያርፋሉ። ቅጂ የሚይዘው የተሰጠውን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ተበላሽቶ እንደ ሆነ ብልሽቱንም አብሮ ይገለብጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አዲሱ ቅጂ በአሮጌው ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ትናንት ደኅና የነበረውን ጨርሶ ማጥፋቱ ነው። ከጎደለ መጽሐፍ የተገለበጠ ብራና፥ ጽሕፈቱ ምንም ቢያምር፥ ያው ጎደሎ ነው። የላስታ ገበሬም ዘሩን ወደ ጎተራ ከማግባቱ በፊት በእጁ ዘግኖ ነቀዝ እንዳለበት ያያል።

ላስታን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍታው ከ4200 ሜትር በላይ ከሆነው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ተከዜ ቈላ ድረስ የቀበሌው ሁሉ አየርና አዝመራ ይለያያልና፥ የአንዱ ቀበሌ መዝገብ ቢጠፋ ከጎረቤቱ ገምቶ መሙላት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላም ከተማይቱ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች። መብራት ይህን ያህል ተቋርጦ ሲቈይ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ትንሽ የሰዓት ባትሪ፥ ያረጀች እንደ ሆነ ታልቃለች፤ መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መልሶ ይነሣል። አዲስ የተጻፈውን ብቻ መርጦ የሚገለብጥ ፕሮግራም የሚመራው በቀን ስለ ሆነ፥ የዛሬውን ሥራ እንደ አሮጌ ቈጥሮ ሊያልፈው ይችላል፤ «ተፈጽሟል» የሚለውን ቃል ግን ከመጻፍ አይቈጠብም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑንና ሰዓቱን መመልከት ይገባል።

የሰዓት አቈጣጠራችንም ያስታል። ከቀትር በኋላ በ11 ሰዓት፥ መዝገቡ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ እንዲገለበጥ ያሰበ ጸሐፊ 11 ቍጥርን እንዳለ ቢያገባ፥ ኮምፒዩተሩ ሥራውን የሚጀምረው በእኛ አቈጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች መዝገቡን ከፍተው በመጻፍ ላይ ናቸውና ቅጂው ጎደሎ ይሆናል።

ቀጥሎ መዝገቡን ራሱን ከፍቶ ማየት ነው። በየቀበሌው የተጻፈው የአባወራ ቍጥር በወረቀት ካለው ጋር ይመዛዘን። ካለፈው ሳምንት በድንገት ያነሰ ሆኖ ከተገኘ፥ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቅጂ አይወሰድ። የጠፋው አንድ መስመር እኮ በክረምት እህሏን የምትጠባበቅ የአንዲት ባልቴት ስም ሊሆን ይችላል፤ እርስዋም ስሟ ለምን እንዳልተጠራ የምትጠይቀው ሰው አታገኝም።

ከቀበሌ የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ከቫይረስ ሳይመረመር አይከፈት። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገር ተሠራጭቶ የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ በምስጢር እየቈለፈ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ የእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች እንኳ ሥራቸው ታውኮባቸዋል። እንዲህ ያለው ቫይረስ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ ያገኘውን የቅጂ ዲስክ አብሮ ስለሚቈልፍ፥ ምርመራው ሳያልቅ ዲስኩ አይሰካ፤ ሥራውም ሲያበቃ ወዲያው ይነቀል። በዲስኩ ላይ በቂ ስፍራ መኖሩን፥ መብራት ቢጠፋ የሚይዝ ባትሪ መኖሩን ማየትም የደቂቃ ሥራ ነው።

ዲስኮቹ ሁለት ሆነው በየተራ ይሠሩ፤ አንዱም በሌላ ቤት ይቀመጥ። ከተገለበጠ በኋላ የአንድ ቀበሌ መዝገብ ከቅጂው ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ይከፈት፤ የመረመረው ጸሐፊ ስሙንና ቀኑን በወረቀት ደብተር ጽፎ ይፈርምበት።