የሰርቪሱ ሂሳብ በኩንታል ስንት ይደርሳል?

ዛሬ የቡና ወይ የበቆሎ ዋጋ ይዘን አልመጣንም። በየትኛውም የዋጋ ሰሌዳ ላይ ስለማይወጣ፣ ግን ከሶዶ ከሚጫን ከእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ስለሚቆረጥ ወጪ እናውራ፦ የመኪና ሰርቪስ። በተለይ አስመጪው ኩባንያ ጋራዥ ገብቶ የሚደረገው።

መጀመሪያ ለምን ናረ? ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ የፍሬን ሸራው፣ ፍሪሲዮኑ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የመንገድ ዳር መለዋወጫ ሱቅ ቀድሞም ዋጋውን የሚያወጣው በጥቁር ገበያው ዶላር ስለነበር ጭማሪው ያን ያህል አላስደነገጠም። በባንክ ዶላር የሚያስመጣው ኩባንያ ግን ልዩነቱ በአንዴ ነው የመጣበት። «የኩባንያው ሂሳብ ከሰፈሩ ጋራዥ በላይ ዘለለ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ላይ የእጅ ዋጋ አለ፣ 15 በመቶ ቫት አለ።

ለወላይታ ሰው ደግሞ ርቀቱ ይጨመራል። ፒክአፑን ለሰርቪስ ብቻ ከሶዶ ሀዋሳ ወስዶ መመለስ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 32 ሊትር ናፍጣ ይበላል። በ2017 ገና ማግስት በወጣው 98.98 ብር ብናሰላ እንኳ 3,167 ብር። የሾፌር አበልና መኪናው ሳይሠራ የዋለበት ቀን ገና አልተቆጠረም።

አሁን ወደ ኩንታል እንምጣ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን ደረሰኝ አስገቡበት። አንድ አይሱዙ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 30,000 ብር የሰርቪስ ወጪ አለው እንበል። በኪሎ ሜትር 6 ብር ማለት ነው። ሶዶ–አዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ደርሶ መልስ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 3,960 ብር ይመጣል። 50 ኩንታል ጭኖ ሄዶ ባዶውን ከተመለሰ በኩንታል 79 ብር ከ20 ሳንቲም። ሲመለስም ጭነት ካገኘ ወደ 40 ብር ይወርዳል። ጎማ፣ ባሌስትራና ድንገተኛ ብልሽት እዚህ ውስጥ የሉም።

ይህ 79 ብር ሁሉንም እኩል አይነካም። የቡና ኩንታል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው፤ 79 ብር ብዙም አይታይበትም። ላኪው ደግሞ ሽያጩም በዶላር ስለሆነ ምንዛሪው ሲወጣ ወጪውም ገቢውም አብሮ ይወጣል። በቆሎ፣ ስኳር ድንችና አቮካዶ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚጭነው ግን የሚሸጠው በብር፣ መኪናውን የሚጠግነው በዶላር ነው። ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ባለመኪናው በጭነት ዋጋ ላይ ይጨምራል፣ ነጋዴው ከመግዣው ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ አረካና በሌ ያለው ገበሬ ማሳ ዳር ይከፍላል። ደረሰኙን ሳያይ!

«እንግዲያው ሰርቪሱን እናሳልፈው» የሚሉም አሉ። ይሄ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ከሁምቦ ቆላ ወደ ሶዶ ዳገቱን ጭኖ የሚወጣ፣ ክረምት በቀይ ጭቃ የሚማስን መኪና ዘይቱ ሳይቀየር ሁለት እጥፍ ከተነዳ የሚመጣው ሞተር ማውረድ ነው። ፎርጅድ ፊልትሮም ያው ነው። መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ አቮካዶው አይጠብቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. መኪናው ዋስትና ላይ እያለ የኩባንያውን ሰርቪስ አታቋርጡ፤ ዋስትናው ሊሰረዝባችሁ ይችላል። ግን ለሰርቪስ ብቻ አትጓዙ፤ ቀጠሮውን ጭነት ከሚራገፍበት ቀን ጋር አገናኙት።

2. ዋስትናው ካለቀ፣ ዘይትና ፊልትሮውን ከሕጋዊ ወኪል በደረሰኝ ገዝታችሁ ሥራውን ሶዶ ላይ ለምታምኑት መካኒክ ስጡ። ርቀቱና የእጅ ዋጋው ይቀንሳል፣ ዕቃውም ኦሪጅናል ይሆናል።

3. ዩኒየኖች፣ እያንዳንዳችሁ በጋሎን ከመግዛት ተሰባስባችሁ በበርሜል ተደራደሩ። ለእያንዳንዱ መኪና ኪሎ ሜትርና ወጪ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ይኑር። ደብተር የሌለው ሰው ባለጋራዡ ያለውን ከመክፈል ሌላ አማራጭ የለውም።

4. የጭነት ውል ስትዋዋሉ ነዳጅ፣ ሰርቪስና የባለመኪናው ትርፍ ለየብቻ ይጻፍ። ዛሬ «ናፍጣ ጨመረ» ሲባል አጠቃላይ ዋጋው በደፈናው ይጨምራል። ተለይቶ ከተጻፈ ግን የትኛው እንደጨመረና በስንት እንደጨመረ ይታወቃል። ባለመኪናውም ቢሆን ይጠቀማል፤ ሰርቪሱን ከኪሱ እየከፈለ አይከስርም።

የምርቱን ዋጋ ሶዶ ላይ ተቀምጠን እኛ አንወስነውም። ከማሳ እስከ ማራገፊያ ያለውን ወጪ ግን መቁጠር እንችላለን። ዛሬ ማታ ያለፈውን የሰርቪስ ደረሰኝ አውጡና ለኪሎ ሜትሩ አካፍሉት፣ ከዚያ ለኩንታሉ። የሚወጣው ቁጥር ለሚቀጥለው የጭነት ድርድር ይዛችሁት የምትገቡት ነው።

መልካም ገበያ!