«ኦርጅናል ነው ወይ?» ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር አመራረጥና አያያዝ

ለልጁ ጊታር ሊገዛ ያሰበ ወላጅ ወደ ሙዚቃ ክበባችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኦርጅናል ነው ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ጅቡቲ በገበያ የሚገኘውም ሆነ በሰው እጅ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የሚታመን አይደለም። ዘንድሮ ለክበቡ ሁለተኛ ጊታር ፍለጋ ስንዞር ግን ከዚህ ያላነሰ ሌላ ጥያቄ እንዳለ አየን፤ አንገቱ እንዴት ነው? ክሩስ ከፍሬቱ ምን ያህል ይርቃል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ልጆች ጣታቸው እየቆሰለ ጊታር የሚተዉት ግን ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ባዘጋጁት የቡናና የምግብ ሽያጭ የተሰበሰበ ነው። የአደራ ገንዘብ ስለሆነ ከመክፈላችን በፊት በደንብ ማየት ነበረብን። አንድ ሻጭ በመጀመሪያ ያሳየን ራሱ ላይ «ጊብሰን» ተብሎ የተጻፈበት ወርቃማ ሌስ ፖል ነበር። ዋጋው 70,000 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ከ400 ዶላር ያነሰ ማለት ነው። አሜሪካ የሚሠራው ሌስ ፖል ስታንዳርድ አዲሱ ከ2,000 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ ዋጋው ብቻውን ያጠራጥራል። ሆኖም ያገለገለ ዕቃ አንዳንዴ በችግር ምክንያት በርካሽ ይሸጣልና በዋጋው ብቻ መፍረድ አልፈለግንም።

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያየው ከጊታሩ ራስ ጀርባ የታተመውን መለያ ቁጥር ነው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአብዛኞቹ ጊታሮቹ ላይ ያተመው ቁጥር ትርጉም አለው። አንደኛውና አምስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ደግሞ ጊታሩ በዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደተሠራ ይገልጻሉ። እነዚህ ሦስት አሃዞች 412 ቢሆኑ፣ ዓመት 412 ቀን የለውምና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ያየነው ጊታር ቁጥር ግን ምንም እንከን አልነበረውም፤ ሻጩ ከነገረን ከ2006 ጋርም ይስማማል። የእውነተኛ ጊታር ቁጥር መገልበጥ ለአስመሳይ ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ቁጥር ሐሰተኛን ያጋልጣል እንጂ ትክክለኛ ቁጥር እውነተኛነትን አያረጋግጥም።

ነገሩን ያወጣችው አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ናት። በጊታሩ ራስ ላይ፣ ከአንገቱ መጀመሪያ ከፍ ብላ የምትገኝ ደወል የምትመስል ክዳን ናት። በጊብሰን ላይ በሁለት ብሎን ትታሰራለች፤ በዚህኛው ላይ ብሎኖቹ ሦስት ነበሩ። ሻጩን አስፈቅደን በካቻቢቴ ስንከፍታት ከሥሯ የብሩጎላ ቀዳዳ አገኘን። ጊብሰን በዚህ ቦታ የሚያስገባው ከውጭ በቁልፍ የሚዞር የነሐስ ዳዶ ነው። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብሪጅ የተሸከሙት ሁለት ምሰሶዎችም ወፋፍራምና አናታቸው በሰፊው የተሰነጠቀ ነው፤ ይህ በርካሽ ቅጂዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ከአንገቱ ጀርባ ደግሞ ራሱና አንገቱ በሙጫ የተጋጠሙበት መስመር በብርሃን ጎልቶ ታየ፤ ጊብሰን በአሁኑ ዘመን የሌስ ፖልን አንገትና ራስ የሚያወጣው ከአንድ ማሆጋኒ እንጨት ነው። ክዳኗ ብቻ ብትሆን ተቀይራ ይሆናል እንል ነበር። አራት ምልክት ሲደራረብ ግን አመስግነን ወጣን።

ጊታሩ ድምፁ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን መናገር ይገባናል። ቅር ያሰኘን የሌላ ስም ተለጥፎበት በዚያ ስም ዋጋ መጠየቁ ነው። ርካሽ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ኤፒፎን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ንብረት ነው፤ ሌስ ፖልን በገዛ ስሙ በቅናሽ ዋጋ ይሠራል። ስኳየር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የፌንደር የቅናሽ ስም ነው። ለጀማሪ ልጅ የእነዚህ ዓይነት ዕቃ ምንም ነውር የለበትም።

በፌንደር ስም የሚሸጡት ላይ ጥንቃቄው ትንሽ ይለያል። ሊዮ ፌንደር ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወትም አይችልም ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ስትራቶካስተር እንደ ራዲዮ የሚፈታና የሚገጠም የሆነው። አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ይታሰራል። ይህ ለጥገና ትልቅ በረከት ነው። በሌላ በኩል ማንም ሰው የፌንደርን አንገት ስሙ ባልታወቀ አካል ላይ፣ ወይም የፌንደርን ጽሑፍ በስኳየር አንገት ላይ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ራሱን ብቻ ሳይሆን አካሉንም፣ ቢቻል የውስጥ ሽቦውንም ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ተደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር «የአሜሪካ ነው» ተብሎ የሚቀርብ ነገር ግን ቁጥሩ በኤም ኤክስ ፊደላት የሚጀምር ፌንደር ነው። ይህ ሜክሲኮ ውስጥ በፌንደር ፋብሪካ የተሠራ እውነተኛ ፌንደር ነው፤ ጥሩ ዕቃም ነው። የአሜሪካውን ዋጋ መክፈል ግን አይገባም።

በመጨረሻ የገዛነው ያገለገለ ያማሃ ፓሲፊካ ነው፤ ዋጋው 35,000 ፍራንክ። ማንም ሊያስመስለው የሚደክምበት ስም አይደለም፤ ይህም አንዱ ጥቅሙ ነው። ስንገዛው ግን ሊጫወቱበት የማይመች ነበር። ክሮቹ ዝገዋል፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ክሩን በአውራ ጣቷ እየተጋገዘች ስትጫን ላየ፣ ልጅቷ አቅም ያነሳት ይመስለዋል። ጉድለቱ የጊታሩ ነበር።

ማስተካከል የሚጀመረው አዲስ ክር በማሰርና በመቃኘት ነው፤ አንገቱ የሚለካው ክሩ ተወጥሮ ሳለ ነውና። በክር ጥቅል ላይ 9 ወይም 10 የሚለው ቁጥር የቀጭኑን ክር ውፍረት በሺህኛ ኢንች ይነግረናል። ለትናንሽ ጣቶች 9 ይሻላል። እንደ ፓሲፊካው ብሪጁ በስፕሪንግ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ክሮቹን አንድ በአንድ መቀየር ይገባል፤ ሁሉም በአንዴ ከተፈቱ ብሪጁ ሚዛኑን ይስታል።

ቀጥሎ አንገቱ ነው። ስድስቱ ክሮች አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል፤ በውስጡ ያለው ትረስ ሮድ የሚባለው ብረት ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። አንገቱ ፍጹም ቀጥ ያለ እንዲሆን አንፈልግም፤ የሚርገበገበው ክር ፍሬቶቹን እንዳይመታ ትንሽ ስርጉድ ማለት አለበት። ወፍራሙን ክር በግራ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት አካባቢ መጫን ነው። ያን ጊዜ ክሩ ራሱ ማስመሪያ ይሆናል። በ7ኛውና በ8ኛው ፍሬት አካባቢ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት፣ ማለትም ሁለት ሦስት የደብተር ወረቀት የሚያስገባ ቢኖር ጥሩ ነው። ክፍተቱ ከበዛ ብረቱን በሰዓት አቅጣጫ ማጥበቅ፣ ከጠፋ ደግሞ ማላላት ነው። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም እንደገና ቃኝቶ መለካት ነው። አልዞርም ካለ ማስገደድ አይገባም፤ ብረቱ ከተሰበረ አንገቱ እንዳለቀ ይቆጠራል።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ብሪጁ ላይ ያሉትን ትናንሽ ብሎኖች በብሩጎላ እያዞርን ክሩን ዝቅ አደረግነው። በ17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር የተለመደ ልክ ነው። ያቺው ተማሪ ያን ዕለት የተጫነችው ክር ያለ ሌላ እጅ ጠራ ብሎ ወጣላት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ሥራ ነው። የፓሲፊካ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ 12ኛው ፍሬት ግማሹ ላይ፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ ይገኛል። እዚያ የሚጫን ክር ባዶውን ከሚሰጠው ድምፅ አንድ እርከን ሙሉ ከፍ ያለውን፣ ያንኑ ድምፅ መስጠት አለበት። ክር ሲጫኑት ግን ትንሽ ስለሚወጠር ድምፁ ከልኩ ያልፋል። ለዚህ ነው ብሪጁ ላይ የእያንዳንዱ ክር ማረፊያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው። በ12ኛው ፍሬት ትይዩ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ጫፍ ነክቶ መምታት፣ ከዚያም ተጭኖ መምታት፣ ሁለቱን በስልክ ቲዩነር ማወዳደር ነው። የተጫነው ከፍ ካለ ማረፊያውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ማድረግ ነው።

ይህ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ልጆቻችን በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወቱትን የአርቲስት ሰላም ስዩምን ዓይነት አጨዋወት ይወዳሉ፤ በትዝታና በባቲ ቅኝትም ከክራር ጋር አብረው ይጫወታሉ። ክራሩ በጆሮ ተቃኝቶ ጊታሩ ወደ ላይኛው ፍሬት ሲወጣ ከልኩ ካለፈ ሁለቱ ይጣላሉ። ልጁም «ጆሮዬ ልክ አይደለም» ብሎ ያፍራል። ጆሮው ልክ ስለሆነ እኮ ነው የከበደው!

የከተማችን አየር ለጊታር አስቸጋሪ ነው። የባሕሩ ጨውና የእጅ ላብ ክርን በፍጥነት ያዝጋሉ። ከመጫወት በፊት እጅን መታጠብ፣ ከተጫወቱ በኋላ እያንዳንዱን ክር በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከላይና ከሥር መጥረግ ከማንኛውም ውድ ፈሳሽ ይበልጣል። በሞቃቱ ወራት ደረቁ ካምሲን ሲነፍስ እንጨቱ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል። እርጥበቱ ሲመለስ አንገቱም ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ የወረቀቱን መለኪያ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ጊታርን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው፣ ወይም ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር መስቀል አይገባም። ጥቁር ቡናማ የሆነው የጣት ሰሌዳ በዓመት አንድ ሁለቴ ጥቂት የጊታር የሎሚ ዘይት ቢቀባ ይወዳል። ሎሚ ጨምቆ መቀባት ማለት ግን አይደለም፤ ይህን የምንጽፈው የጠየቁን ስላሉ ነው። በቫርኒሽ የተሸፈነው ነጣ ያለው ሰሌዳ ዘይት አያስፈልገውም።

የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ማጽጃ ስፕሬይ ያድነዋል። የኬብሉ መሰኪያ ሲላላ ደግሞ ሙሉው መሰኪያ እንዳይዞር ከውስጥ ይዞ ዳዶውን ብቻ ማጥበቅ ነው፤ አለዚያ ሽቦው ተጠምዝዞ ይበጠሳል።

አምፕሊፋየር ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ለሚያስመጡ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አለን። ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሰካ፤ የጅቡቲ መብራት 220 ቮልት ነው። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚለውጠው ትንሽ አዳፕተር ቮልቱን አይቀንስም። የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ነው፤ የሚችለው ዋትም በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው መብለጥ አለበት።